የውኃ ዕዳ

ልጆች ሆይ፥ መምህር የተማሪዎቹን ስሕተት በየቀኑ ያርማል፤ የራሱን ስሕተት ግን ሲናገር የሚሰማው ጥቂት ጊዜ ነው። እኔ ዛሬ የራሴን ስሕተት እነግራችኋለሁ። ይህ ስሕተት እኔን ለሞት አቅርቦኝ ነበር፤ በእኔም ብቻ ሳይቀር በሁለት ሕፃናት ላይ ደርሶ ነበር። ነገሩ የሆነው ለመጀመሪያው የማራቶን ሩጫዬ በተሰናዳሁበት ወራት ነው።

የማስተምርባት ከተማ ገለጉ ትባላለች። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ያለችው የቋራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ቋራ ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ ይባሉ በነበረበት ዘመን የተነሡበት አገር ነው። ሜዳው ሰፊ፥ አፈሩም ጥቍር ዋልካ ነው፤ ሰሊጥና ጥጥ፥ ማሽላም ይበቅልበታል። ከእርሻው ወዲያ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ዱር ተዘርግቷል። በክረምት ምድሩ ሁሉ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ያው ጭቃ ደርቆ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚያን ጊዜ እኩለ ቀን ሲሆን ከብቱ ከጥላ፥ ሰውም ከቤቱ አይወጣም፤ መንገዱም ባዶ ይቀራል።

እኔ የተወለድሁት በደጋ ነው፤ ወደ ገለጉ የመጣሁት ለማስተማር ነው። ዕድሜዬ 37 ዓመት በሆነ ጊዜ፥ በየካቲት ወር፥ አንድ ባልንጀራዬ በታኅሣሥ በደጋ አገር የማራቶን ሩጫ እንደሚደረግ፥ የወደደም ሁሉ ተመዝግቦ መሮጥ እንደሚችል ነገረኝ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። እኔ በልጅነቴ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም ነበር። ነገር ግን ወዲያው፥ «እሮጣለሁ» አልሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ልቤን የሳበው ሩጫው አልነበረም፤ ስሙ ነበር። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ በጥቍር ሰሌዳው ላይ በትልቅ ቍጥር 42 ብዬ ጻፍሁ። «ይህ ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጆቹ ዝም አሉ። «መምህራችሁ በእግሩ የሚሮጠው ኪሎ ሜትር ነው» አልኋቸው። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም ጭብጨባውን እንደ ደመወዝ ተቀበልሁት፤ አንዲት እርምጃ ሳልሮጥ ደመወዜን በላሁ።

ማራቶንን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ በማለዳ መሮጥ እንደሚገባ መክረውኝ ነበር። እኔ ግን በልቤ፥ «ሰው በጨለማ ተነሥቶ ቢሮጥ ማን ያየዋል?» አልሁ። ስለዚህ ሕዝብ በሚመላለስበት ሰዓት፥ ሕዝብ በሚበዛበት መንገድ እሮጥ ጀመር። ዛሬ የሮጥሁትን ነገ እጥፍ አደርገው ነበር። ጕልበቴ ሲያመኝ ምክር አልጠየቅሁም፤ «ያልፋል» ብዬ ዝም አልሁ።

በመጋቢት መጨረሻ በአንድ የገበያ ቀን፥ ከረፋዱ በ5 ሰዓት፥ ገበያተኛው በሚመጣበት ጥርጊያ መንገድ ላይ ሩጫ ጀመርሁ። ውኃ አልያዝሁም፤ ውኃ መያዝ የደካማ ሥራ መስሎኝ ነበር። ሰዎች አህያቸውን ወደ ዳር እየነዱ አሳለፉኝ፤ ሕፃናትም እየሳቁ ጥቂት ተከተሉኝ። እኔም ፍጥነት ጨመርሁ። ስምንት ኪሎ ሜትር ሄጄ በተመለስሁ ጊዜ ግን ቀኑ እኩል ሆኖ ነበር። መንገዱ ባዶ ነበረ። ያዩኝ ዘንድ የወጣሁላቸው ሰዎች ሁሉ ከጥላ ገብተዋል። ራሴን አመመኝ፤ ቀጥሎም በዚያ ሙቀት መካከል ብርድ ብርድ አለኝ። አንዱ ዛፍ ሁለት ሆኖ ታየኝ። ቆም ማለት እንደሚገባኝ ዐወቅሁ፤ ነገር ግን በሰሌዳው ላይ የጻፍሁት ቍጥር ትዝ አለኝና አልቆምሁም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም።

ዓይኔን ስገልጥ በቁርቁራ ዛፍ ሥር ተጋድሜ ነበር። አንዲት አሮጊት እናት አጠገቤ ተንበርክከው ነጠላቸውን በውኃ እየነከሩ በአንገቴና በብብቴ ላይ ያኖሩ ነበር፤ በሌላው እጃቸው ደግሞ በቅጠል ያራግቡኝ ነበር። በጀርባቸው አዝለውት የነበረው ጀሪካን ተከፍቶ በአጠገባቸው ተቀምጧል። በበጋ ጕድጓዱ ውኃ ስለሚያንሰው፥ ከንጋት ጀምረው ወረፋ ጠብቀው የቀዱት የቀናቸው ውኃ ነበረ። ያን ውኃ በእኔ ላይ አፈሰሱት።

«ልጄ፥» አሉኝ፥ «በሬ እንኳ በዚህ ሰዓት ጥላውን ያውቃል። አንተን ማን ያሳድድሃል?»

መልስ አልነበረኝም። ማንም አላሳደደኝም፤ ማንም አልላከኝም፤ ለማንም ምንም አልያዝሁም። በዚያ ያለፈ ባጃጅ አንሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ።

በዚያም የነበረው ሐኪም የሆነውን ነገር አስረዳኝ። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ሰው ሲሮጥ ጡንቻው እንደ ምድጃ ሙቀት ያወጣል። ሰውነታችን ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በላብ ነው፤ ላቡ ከቈዳችን ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩ ከሰውነታችን ይልቅ የሞቀ ሲሆንና የምናልበው ውኃ ሲያልቅ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የሰው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አእምሮ ይታወካል፥ ኩላሊትና ልብም ይጐዳሉ፤ ፈጥነው ካላቀዘቀዙት ሰውየው ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ ወደ ጥላ አምጡት፤ ልብሱን አላሉለት፤ በውኃ አርሱት፤ አራግቡለት፤ ሰውም ጥሩ። ራሱን ከሳተ በአፉ ውኃ አታፍስሱ፥ ያንቀዋልና። እኒያ አሮጊት ይህን ሁሉ ያለ ትምህርት ቤት ያውቁ ነበር። እኔ ግን በትምህርት ቤት እየኖርሁ አላወቅሁም።

ከአራት ቀን በኋላ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ሁለት ወንበሮች ባዶ ሆነው አገኘኋቸው። ምክንያቱን በጠየቅሁ ጊዜ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ፥ «መምህር፥ እንደ እርስዎ ለመሆን በቀትር ሮጠው ታመሙ» አለችኝ። አንደኛው ልጅ አስታውኮ በመንገድ ዳር ወድቆ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሁለቱም በሦስት ቀን ዳኑ። እኔ ግን ያችን ሰዓት አልረሳም። ስወድቅ ያልተሰማኝ ሕመም በዚያች ሰዓት ተሰማኝ። በቀትር ሩጡ ብዬ አላስተማርኋቸውም ነበር፤ ነገር ግን አይተውኝ ተማሩ።

ልጆቹ ድነው በተመለሱ ቀን በክፍሉ ፊት ቆሜ፥ «በድያለሁ» አልሁ። በሰሌዳው ላይ የነበረውን 42 በእጄ አጠፋሁት። ከመጽሐፍ ቅዱስም በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈውን የሁለት ሯጮች ታሪክ ነገርኋቸው። ኢዮአብ የጦርነቱን ወሬ ለንጉሥ ዳዊት እንዲያደርስ አንድ የኩሽ ሰው ላከ። የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ግን ሳይላክ፥ «እኔም ልሩጥ» ብሎ ለመነ። ሮጦም መልእክተኛውን ቀደመው። ነገር ግን ንጉሡ ስለ ልጁ ስለ አቤሴሎም በጠየቀው ጊዜ የሚመልሰው ቃል አልነበረውም፤ ስለዚህ ወደ ዳር ቆሞ ያን የኩሽ ሰው እንዲጠብቅ ታዘዘ። «እኔም እንደ አኪማአስ ሮጥሁ» አልኋቸው። «እግሬ ቀደመ፥ እጄ ግን ባዶ ነበረ።»

በዚያው ቀን ማታ እኒያን አሮጊት ፈልጌ አገኘኋቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፥ ልጆቻቸውም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሄዱባቸው፥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ገንዘብ አውጥቼ፥ «እማማ፥ የውኃዎን ዋጋ ልክፈልዎ» አልኋቸው።

እርሳቸው ግን፥ «ገንዘቡ ይጠጣልን? ውኃ በውኃ ይከፈላል» አሉኝ። ይህን ሲሉ ጕልበታቸውን በእጃቸው እያሹ ነበር።

እኔም፥ «እንግዲያውስ በየማለዳው ውኃ እቀዳልዎታለሁ» አልሁ። ስናገር የአንድ ሳምንት ነገር መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ያ ቃል ሯጭ አደረገኝ።

ጕድጓዱ ከቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ይርቃል። ወረፋ ሳይበዛ ለመድረስ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት መነሣት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ወር ሐኪሙ መሮጥ ስለ ከለከለኝ፥ ጀሪካኑን ተሸክሜ መሄድና መመለስ ብቻ ነበር ሥራዬ። ማንም አላየኝም፤ ከእኔ በፊት የተነሡ ውኃ ቀጂ ሴቶች ብቻ ነበሩ። እነርሱም አላጨበጨቡልኝም፤ በየቀኑ እንደዚያ ይመላለሳሉና። እንዲህ እያልሁ እግሬ ጠነከረ፤ ሳንባዬም ተከፈተ።

በግንቦት ሐኪሙ ፈቀደልኝ። ውኃውን በደጃፍ ካስቀመጥሁ በኋላ፥ ጎህ ሲቀድ ሩጫ እጀምር ነበር። በመጀመሪያ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ሮጥሁ። መንገዱን የለካልኝ ያው ሞተር ብስክሌት ያለው ባልንጀራዬ ነው። እየሮጥሁ ከሰው ጋር መነጋገር ካቃተኝ ፍጥነቴ እንደ በዛ ቈጥሬ አዘገይ ነበር። በሰኔ መጨረሻ 10 ደረስሁ፤ በነሐሴ 16፤ በመስከረም 24። በሳምንት አንድ ቀን ረጅሙን፥ ሦስት ቀን አጭሩን እሮጥ ነበር። በየአራተኛው ሳምንት ርቀቱን እቀንሳለሁ፤ በሰንበት ደግሞ ፈጽሜ ዐርፋለሁ። ጡንቻ የሚጠነክረው ስንሮጥ ብቻ አይደለም፤ ስናርፍና ስንተኛ የተጐዳው እየተጠገነ ይበረታል። አባቶቻችን፥ ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት እውነት ነው።

መብሌ በአገሩ የሚገኘው ነበረ፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፥ ቆሎ፥ ሰሊጥም። ከረጅም ሩጫ በፊት ጥቂት እበላለሁ፤ በመንገድም ውኃና ጥቂት ጨው እይዛለሁ። ሰውነታችን ከምንበላው መብል ስኳር አውጥቶ በጉበትና በጡንቻ ያኖረዋል። ይህ ስንቅ ለብዙ ሰዎች እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እግር እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ለብዙ ወራት በቀስታ የሮጠ ሰው ግን ሰውነቱ ስኳሩን እየቈጠበ ስቡን ማንደድ ይማራል። በአንድ ቀን ጕልበት ይህን መማር አይቻልም።

በዚያ ወራት ስለ ማራቶን ታሪክ አነብ ነበር። ማራቶን በግሪክ አገር ያለ ሜዳ ስም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት ግሪኮች በዚያ ፋርሶችን ድል አደረጉ፤ አንድ መልእክተኛም የድሉን ወሬ ወደ አቴና ሮጦ አድርሶ ሞተ ይባላል። ለዚህ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ፥ የዛሬው የኦሊምፒክ ጨዋታ በአቴና ሲጀመር፥ ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ማራቶን ውድድር ተደረገ። ይህ ቀን አባቶቻችን በዓድዋ ድል ካደረጉ 40 ቀን በኋላ ነው። መንገዱ ያን ጊዜ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነው በ1900 ዓ.ም. በለንደን ነው፤ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ልክ ለሁሉ ተወሰነ። በአቴና ያሸነፈው ሰው ስሙ ስፒሪዶን ሉዊስ ነበረ። ሥራው ምን እንደ ነበረ ታውቃላችሁን? ከመንደሩ ወደ አቴና ውኃ የሚያመላልስ ውኃ ቀጂ ነበረ! ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። በማግሥቱም ለእማማ ነገርኋቸው። እርሳቸውም፥ «ታዲያ ምን ያስደንቃል? ውኃ ያመላለሰ እግር ይችላል» አሉኝ።

ስለ አበበ ቢቂላም አነበብሁ። ብዙ ሰዎች፥ «አበበ ድንገት ተነሥቶ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ» ብለው ያስባሉ። እንዲህ አይደለም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ ኦኒ ኒስካነን በሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ሥር በብዙ ድካም ሠልጥኗል። የመጀመሪያውን ማራቶኑን የሮጠው በአዲስ አበባ፥ ከሮማው ውድድር ጥቂት ወራት አስቀድሞ ነው። በሮማ የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስለ ላጠው፥ አስቀድሞ በለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቈረጠ። ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበረ፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። በአገራችን ችቦ በሚበራበት በዚያ ማታ፥ በሮማም ወታደሮች ችቦ ይዘው በመንገዱ ዳር ቆመው ነበር። አበበ ከማብቂያው በፊት፥ ኢጣልያኖች ከአገራችን ወስደው በዚያ ባቆሙት በአክሱም ሐውልት አጠገብ አለፈ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም አንደኛ ሆኖ ገባ። ሐውልቱ ወደ አክሱም የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ አበበ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ፤ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ነገር ግን እኔን እጅግ ያስተማረኝ ሦስተኛው ነው። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ እግሩ ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ቆመ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሰው፥ ሕዝብ እያየው ቆመ። በዚያ ቀን ያገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ሮጦ አሸነፈ። እኔ ግን በባዶ መንገድ ላይ፥ ማንም ሳያየኝ መቆም አፍሬ ነበር!

ልጆች ሆይ፥ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀና አትበሉ። በሐምሌ አንድ ሌሊት ብርቱ ዝናም ዘነመ። ዋልካው ጭቃ ከእግር ጋር እየተጣበቀ ጫማን እንደ ድንጋይ ያከብዳል። በአልጋዬ ላይ ሆኜ፥ «ዛሬ ማንም አይወጣም፤ በዝናም ጊዜ ውኃ አይታጣም» ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እማማን በመንገድ አገኘኋቸው። ጀሪካኑን አዝለው፥ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ፥ በአንድ እጃቸው አጥር እየያዙ ይመጡ ነበር። የጐርፍ ውኃ ስለ ደፈረሰ ንጹሕ ውኃ ፍለጋ እስከ ጕድጓዱ ሄደው ነበር። ጀሪካኑን ተቀበልኋቸው። እርሳቸውም አልቈጡኝም፤ «ታመህ እንደ ሆነ ብዬ ሰግቼ ነበር» አሉኝ ብቻ።

ቍጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ለራሴ ብቻ የምሮጥ ብሆን ኖሮ በዚያ ሌሊት መተኛቴን አንድ ቀን ዕረፍት ብዬ እረሳው ነበር። የሚጠብቀኝ ሰው ስለ ነበረ ግን ስንፍናዬ በሌላ ሰው ጕልበት ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ስነቃ፥ «ልሩጥን? አልሩጥን?» ብዬ አልጠየቅሁም። ጀሪካኑን እመለከታለሁ፥ እነሣለሁ።

በጥቅምት ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ረጅሙን ሩጫ ጀመርሁ። በዚህ ወራት ከደጋ የመጡ ብዙ የቀን ሠራተኞች በየእርሻው ይሰማራሉ። ሰሊጥ ጊዜውን የሚጠብቅ እህል ነው፤ ሳይደርስ ቢያጭዱት ፍሬው ቀሊል ይሆናል፥ ቢያሳልፉትም ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው በመሬት ላይ ይረግፋል። ያን ቀን 30 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ዐስቤ ነበር። በ26ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፀሐይ ከፍ አለች፤ ራሴንም ያን የመጋቢት ቀን እንዳመመኝ ያመኝ ጀመር። በመንገዱ ዳር ብዙ አጫጆች ቆመው ይመለከቱኝ ነበር። አንዱም፥ «በርታ!» ብሎ ጮኸ።

እኔም ቆምሁ። ወደ ጥላቸው ገብቼ ውኃዬን ጠጣሁ፤ ራሴንም አራስሁ። «ደከመህ እንዴ?» አሉኝ። «አዎን፥ ለዛሬ ይበቃኛል» አልኋቸው፤ እየሄድሁም ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ልጆች ሆይ፥ ከሮጥሁት ሁሉ ይልቅ በዚያ ቀን በመቆሜ ደስ ይለኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ፥ በሌሊት ተነሥቼ፥ 32 ኪሎ ሜትር በደኅና ፈጸምሁ።

አሁን ኅዳር እያለቀ ነው፤ ሩጫው ቀርቧል። ጕልበቴ እንዲያርፍ በየሳምንቱ ርቀቱን እቀንሳለሁ። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ የቆላ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ስለዚህ በቀስታ ለመጀመር ቈርጫለሁ። ሰዎች፥ «ትፈጽመዋለህን?» ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም። 42 ኪሎ ሜትር ገና ሮጬ አላውቅም፤ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጌ መናገር ምን እንዳመጣብኝ አይታችኋል። ብፈጽም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሕመም ቢያገኘኝም እቆማለሁ፥ አላፍርም።

ወደ ደጋ በምሄድበት ሳምንት ለእማማ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው ብዬ ስጨነቅ፥ ባለፈው ዓርብ ሁለት ልጆች ከትምህርት በኋላ ወደ እኔ መጡ። በቀትር ሮጠው የታመሙት እነዚያ ልጆች ናቸው። «መምህር፥ እርስዎ እስኪመለሱ ድረስ እኛ እንቀዳለን» አሉኝ። እኔም፥ «ጀሪካኑ ይከብዳችኋል» አልኋቸው። «በሁለት ትንንሽ ጀሪካን እናደርገዋለን፤ ፀሐይ ሳይወጣም እንመለሳለን» ብለው መለሱልኝ።

ይህን ሁሉ አስቀድመው አስበውበት ነበር። ውኃ ቅዱ ብዬ አላዘዝኋቸውም፤ አይተውኝ ነው። ያን ጊዜ የበደልኋቸው በዚሁ ነበር፤ ዛሬም የተጽናናሁት በዚሁ ነው።

እናንተም ልጆች፥ ከእናንተ የሚያንስ ልጅ ሁልጊዜ እንደሚመለከታችሁ ዕወቁ። ትልቅ ነገር ለመሥራት ብትፈልጉ፥ ነገ ጠዋት ሰው ሳያያችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን ትንሽ ነገር ፈልጉ፤ ከቻላችሁም ያ ነገር ለሌላ ሰው የሚጠቅም ይሁን። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ያንኑ ሥሩት። እማማ ስሰናበታቸው፥ «አንደኛ ሁን» አላሉኝም። «በሰላም ተመለስ፤ ጀሪካኑ ይጠብቅሃል» አሉኝ።